የሰፈሩ ፓስወርድ ሁሉ አንድ ነበር

ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት፣ ከተማው አለቀ ስትሉ ኮንዶሚኒየም የሚጀምርበት ቦታ። ከአንዱ ብሎክ ሥር ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በሯ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። የሰፈሩ ሰው ግን ይህን ሁሉ አያነብም። «ኮምፒውተሯ ጋ ሂድ» ነው የሚባለው። ኮምፒውተሯ እኔ ነኝ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጥፋቴ ነው። እንደኔ ሱቅ ያላችሁም፣ ስልካችሁን በሰው እጅ ያስከፈታችሁም ብታነቡት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ሱቋን ስከፍት ጽሕፈቱ ለስም ነበር እንጂ እንጀራዬ ፊልም መጫን ነበር። ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ «ሙሉልኝ» ይላል። ትርጉም ፊልም፣ የኮሪያ ተከታታይ፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ የሠርግ ዘፈን። የየቤቱን ጣዕም በሚሞሪው አውቀው ነበር። ነሐሴ 2010 ላይ የኢንተርኔት ታሪፍ ሲቀንስ ገበያዬ ሳሳ። ቴሌግራም ደግሞ የቀረውን ጨረሰው። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ያ ሁሉ ሰው ሚሞሪውን ከመሳቢያ አውጥቶ ተመለሰ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ደግሞ እሱ ሄደ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።

በፊልሙ ቦታ የመጣው ሥራ «ክፈችልኝ» ነው። ኢሜይል ክፈችልኝ። ቴሌግራም ክፈችልኝ። ኢሞ ክፈችልኝ፣ ልጄ ቤይሩት ናት። ፌስቡክ ክፈችልኝ። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሲመጣ እሱም ተጨመረ። ፓስፖርት በኦንላይን መሙላት፣ ዲቪ መሙላት፣ ሁሉም ኢሜይል ይጠይቃል፤ ኢሜይል ከሌለው ሰው ይልቅ ደግሞ ያለው ግን የማያውቀው ይበዛል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሥራ ለማቃለል ለሁሉም አንድ ፓስወርድ ሰጠሁ። የሱቄ ስምና አራት ቁጥር። ኢሜይሉ «መልሶ ለማግኛ ስልክ ቁጥር» ሲጠይቅ የራሴን ቁጥር አስገባሁ፤ ምክንያቱም ኮዱ እኔ ጋ ከመጣ ደንበኛው ስልኩን እስኪያወጣ፣ መነጽሩን እስኪፈልግ አልጠብቅም። የልደት ቀን ሲጠይቅ በመጀመሪያ የመጣልኝን አስገባሁ። ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ ሲሞላ ሌላ ደብተር። ሰው ፓስወርዱን ሲረሳ ይመጣል፣ ደብተሩን እገልጣለሁ፣ እከፍትለታለሁ፣ አመስግኖኝ ይሄዳል። ደግ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እንጀራ የሚሸጡልን እትዬ መጡ።

ጥቅምት ነበር። ከቃሊቲ በሃይገር ሲመለሱ ስልካቸውን መንትፈዋቸዋል። ስልኩ ራሱ ብዙም አላሳዘናቸውም፤ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ያሳዘናቸው ሌላ ነው። ቤይሩት ያለችው ልጃቸው ቁጥር ያለው እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው። በቃላቸው አይዙትም፤ በወረቀት አልጻፉትም። በየእሑዱ በኢሞ የምትደውለው እሷ ናት።

«ልጄ፣ አንቺ ጋ አይደል የተከፈተው? በይ አምጪልኝ» አሉኝ። ልክ ልብስ ሰፊ ጋ የተወ ቀሚስ እንደመጠየቅ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሲሙን በምትክ አውጡ አልኳቸው። ሲም ከወጣ ኢሞም ቴሌግራምም በዚያው ቁጥር ይከፈታል። መታወቂያቸውን ይዘው ሄዱ። ተመለሱ። ሲሙ በሳቸው ስም አይደለም። ልጃቸው ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም አውጥታ የሰጠቻቸው ነው። ባለቤቷ ካልቀረበች ምትክ አይሰጥም። ሕጉ ትክክል ነው፤ አለበለዚያ ማንም የማንንም ቁጥር ያስወጣል። ግን ልጅቷን ለማግኘት ሲሙ ያስፈልጋል፣ ሲሙን ለማግኘት ልጅቷ ታስፈልጋለች።

እዚህ ላይ ንባባችሁን አቁማችሁ እቤት ያሉትን ጠይቁ። የእናትህ ሲም በማን ስም ነው? የአባትሽስ? በእኛ ሰፈር እኔ ከጠየቅኋቸው ስንቱ በወንድሙ፣ በድሮ ባሏ፣ አረብ አገር በሄደች እህቱ ስም የወጣ ሲም ይዞ እንደሚዞር ብታዩ ትገረማላችሁ። ባንኩ፣ ቴሌብሩ፣ ቴሌግራሙ፣ ሁሉም በዚያች ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ባለስሙ አገር ውስጥ እያለ አብራችሁ ሄዳችሁ አዛውሩት። ፋይዳ ስትመዘገቡም የምትሰጡት ቁጥር በራሳችሁ ስም ያለ፣ የማይጠፋባችሁ ይሁን። የጎረቤት ቁጥር የሚያስመዘግብ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ እትዬ ልመለስ። ሲሙ ካልሆነ ኢሜይሉ አለ አልኩ። አንድሮይድ ስልክ ላይ የተመዘገበ ስም ብዙ ጊዜ ከኢሜይሉ ጋር ይቀመጣል። ሌላ ስልክ ላይ በዚያው ኢሜይል ብትገቡ ስሞቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ፎቶ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የሚቀመጠው «ባክአፕ» ከበራ ብቻ ነው፣ ነፃ ቦታውም 15 ጂቢ ነው።

ደብተሩን አወጣሁ። የዚያ ዓመቱ ደብተር የለም። ክረምት ላይ ሱቄ ውኃ ገብቶ ነበር፤ ከረጠቡት ጋር ጥዬዋለሁ። ኢሜይሉ ራሱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ፓስወርዱንማ አውቀዋለሁ፣ የሁሉም አንድ ነው! በስማቸው ሞከርኩ። በስማቸውና በአባታቸው ስም ሞከርኩ። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መከራ ነው። ፀሐይን አንዱ በ«ቲ» ይጀምራታል፣ አንዱ በ«ኤስ»። እኔ ያን ቀን በየትኛው ጀምሬ ይሆን?

በሦስተኛው ቀን አንዱ አድራሻ ተቀበለኝ። ፓስወርዱም ትክክል ሆነ። ከዚያ ጎግል «አንቺ መሆንሽን ላረጋግጥ፣ ኮድ ልኬያለሁ» አለ። የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ሳይ የኔ የድሮ ቁጥር ነው። ያን ሲም ከጣልኩት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቁጥር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሳትጠቀሙበት ከቆያችሁ ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ይሸጣል።

ደወልኩ። አንድ ጎልማሳ አነሳ። እንደምን ዋልክ ብዬ ነገሩን ከስር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ለካ አንቺ ነሽ!» አለ። «ይህን ሲም ከገዛሁ ጀምሮ ኮድ ኮድ ኮድ! ሌሊት ሁሉ ይመጣል። ሚስቴ ሌላ ሴት መስሏት ተጣልታኛለች።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። አሁን የመጣውን ኮድ ብቻ እንዲያነብልኝ ለመንኩት።

«አይሆንም እህቴ» አለኝ። «ኮድ ለማንም አትስጡ ተብሏል።»

ምን ልበል? ልክ ነው። እኔው ራሴ ሱቄ ግድግዳ ላይ «ኮድዎን ለማንም አይስጡ» ብዬ በትልቁ አትሜ ለጥፌያለሁ። ሰውየው ማንነቴን በምን ያውቃል? ተናድጄ ዘጋሁት እንጂ ቆይቼ ሳስበው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ያወጣን አሮጌው ኮምፒውተር ነው። የእትዬን ኢሜይል የከፈትኩበት ማሽን በፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶን ስር አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ጎግል ሰው ድሮ ይገባበት የነበረውን ማሽንና ቦታ ከለየ ጥያቄውን ያቀልላል። አካውንት የጠፋበት ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። በጓደኛ ስልክ ወዲያ ወዲህ ከመሞከር ድሮ በተጠቀሙበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ድሮ በነበሩበት ቤትና ዋይፋይ መሞከር ይሻላል። ደጋግሞ መሳሳትም ነገሩን ያከብደዋል። አቧራውን ጠርጌ አስነሳሁት። ገባ። ያለምንም ኮድ ገባ።

የተመዘገቡ ስሞችን ስከፍት 63 ስም አለ። ልጅቷ «የኔ ዓለም» ተብላ ተመዝግባለች። እትዬ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ደወልን። ልጅቷ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደወለች፣ ምን ምን እንዳሰበች ስትናገር እኔ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። የልጅ ልጃቸው ፎቶዎች ግን አልተገኙም። ባክአፕ አልበራም ነበር። ያላበራሁት እኔ ነኝ፤ «ዳታ ይበላባቸዋል» ብዬ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። ቀላል አልነበረም።

አሁን ኢሜይል ስከፍት ፓስወርዱን ባለቤቱ ራሱ ይጽፋል። እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ወጣቱ ችግር የለበትም። ችግሩ ፊደል እንጂ ላቲን ለማያነቡት ነው። ጎግል ፓስወርድ በአማርኛ ፊደል አይቀበልም። የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ ቢያንስ ስምንት። ታዲያ ዳዊት የሚደግሙ እናት ምን ይጻፉ? መጀመሪያ እኔ እያወጣሁ እሰጣቸው ነበር፤ ያ ደግሞ ወደ ድሮው መመለስ ነው። መላውን ያመጡት እትዬ ናቸው። ቤታቸው ካለ ዕቃ ላይ የታተሙ የላቲን ፊደላትን እንደ ሥዕል አድርገው በወረቀት ገልብጠው መጡ። ከኋላው የሚያውቁትን ቁጥር ጨመሩ። «ቤቴ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው» ከማለት በቀር የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቢረሱት ዕቃው ቤታቸው አለ። አሁን ይህን ዘዴ ለሌሎችም እናገራለሁ። የልደት ዓመትና የስልክ ቁጥር ብቻ አይሁን እንጂ ቁጥሩ የፈለጋችሁት ይሁን።

ፓስወርድ በወረቀት አትጻፉ የሚሉ አሉ። ለቢሮ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። የኛ ሰፈር ሌባ ግን የሚፈልገው ስልኩን እንጂ የቤት ውል ያለበትን ፌስታል አይደለም። ስለዚህ ጻፉት፣ ከካርታውና ከልደት ካርዱ ጋር አስቀምጡት። ስልኩ ሽፋን ውስጥ ብቻ አታድርጉት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ደግሞ እሱን ነው።

መልሶ ማግኛ ቁጥሩ የራሳቸው፣ ካልሆነም የሚያምኑት ልጅ ቁጥር ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ቁጥሩን ዛሬ ብትቀይሩትም ጎግል እስከ ሰባት ቀን ድረስ በድሮው ቁጥር ኮድ ሊልክ ይችላል። ሌባ ገብቶ ቁጥር ቢቀይርባችሁ ያድናችኋል። ግን አሮጌውን ሲም በዚያው ዕለት አትጣሉት።

የልደት ቀኑንም አሁን በትክክል እሞላለሁ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ይህን የተማርኩት በዲቪ ነው። አንድ ዓመት ለአንድ የሰፈር ልጅ ዲቪ ሞልቼለት ማረጋገጫ ቁጥሩ ያለበት ወረቀት ጠፋ። እሱም ጋ፣ እኔም ጋ። ውጤቱ የሚታየው በፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ደርሶሃል የሚል ኢሜይል አይልኩም። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ስሙን፣ የልደት ቀኑንና የተሞላበትን ኢሜይል አስገብቶ ማስወጣት ይችላል። ኢሜይሉ የሱቄ ነበር፣ እሺ። ቀኑን ግን በኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት ወይስ በፈረንጅ? አንዱን ስሞክር እምቢ፣ ሌላውን ስሞክር ወጣ፤ በኛው አቆጣጠር ሞልቼዋለሁ! ቢደርሰው ኖሮ ኤምባሲ ሲቀርብ ፓስፖርቱ ሌላ፣ ፎርሙ ሌላ ይል ነበር። አልደረሰውም። የሰው ዲቪ አለመድረስ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ዲቪም ሆነ ፓስፖርት የሚሞላላችሁ ሰው የራሱን ኢሜይል ካስገባ አስቁሙት። ወረቀቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ለራሳችሁ ላኩት።

ቴሌግራምን በተመለከተ ደግሞ፣ ሰፈራችን አሁን የሚኖረው እዚያ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ፣ ዕድሩ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ሥራው፣ ፊልሙ፣ ሁሉም። ስለዚህ ሌባውም እዚያ ነው። ባለፈው የአንዲት ጎረቤታችን አካውንት «ለእህቴ ልጅ ውድድር ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ለዕድሩ ሁሉ ላከ። መልእክቱ ላይ ያለውን ሊንክ የነካው ሰው ቁጥሩን አስገባ፣ የመጣለትን ኮድ አስገባ። በቃ፣ ሄደ። ማታ በሱ ስም «አስቸኳይ ነው፣ አምስት ሺህ ላኩልኝ» ተጀመረ። ሁለት ሰው ልኳል።

ይህ ከደረሰባችሁ አታልቅሱ፣ ፍጠኑ። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ሰው የድሮውን ባለቤት ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ 24 ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናንተ ከስልካችሁ «ዲቫይስ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ ማስወጣት ትችላላችሁ። ከዚያ ወዲያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩ። ኮድ ብቻ ሳይሆን የናንተን ፓስወርድም እንዲጠይቅ ያደርጋል። ሲማችሁ ነገ ለሌላ ሰው ቢሸጥ እንኳ የናንተን ወሬ ቁጭ ብሎ አያነብም። እኔ ለደንበኛ ሁሉ ይህን ሳላበራ ስልኩን አልመልስም። አንዳንዱ «አታካብጂ» ይለኛል። ይበል።

ለቴሌብር የምለው አጭር ነው። «በስህተት ልኬብዎ ነው፣ ይመልሱልኝ» ካሏችሁ ብር ገባ የሚለውን መልእክት ሳይሆን ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። መልእክት ማንም ይጽፋል።

ያገለገለ ስልክ ስትገዙም ሻጩ ኢሜይሉን ፊታችሁ ያውጣ። አንድሮይድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2015 ወዲህ ስልኩ በግድ ቢጠረግም የድሮውን ኢሜይል ይጠይቃል። የተገዛው ስልክ ከነ ኢሜይሉ ከሆነ፣ አንድ ቀን ልጅ ነካክቶ ሲያጠፋው የሻጩን ፓስወርድ ፍለጋ መርካቶ ድረስ ትሄዳላችሁ። ሻጩም አይገኝም።

ወንዶቹ የፎቶ ኮፒ ደንበኞቼ በዚህ ሁሉ ይስቁብኛል። «ኮምፒውተሯ ሰበካ ጀመረች» ይላሉ። ገቢዬም ቀንሷል፣ አልደብቅም። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ድሮ በወር ስንት ጊዜ «ረሳሁት» እያለ ይመጣ የነበረ ሰው አሁን ለፎቶ ኮፒ ብቻ ነው የሚመጣው።

የቀሩት ደብተሮች ሦስት ናቸው። በየቀኑ ጥቂት ስም እየመረጥኩ ባለቤቱን እየጠራሁ፣ ፓስወርዱን እያስቀየርኩ፣ ቁጥሬን እያስወጣሁ እሰርዛለሁ። ቤት የለቀቀ አለ። አገር የለቀቀ አለ። አንዷ አርፋለች፤ ልጆቿ ፎቶዎቿን ፈልገው ሲመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ የጋራ ፓስወርድ ጠቀመ። በዚህ ደስ ይበለኝ አይበለኝ እስካሁን አላወቅሁም።

የድሮ ቁጥሬን የያዘው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ራሱ ደወለ። ለካ ገርጂ ነው የሚኖረው። «እህቴ፣ ዛሬም አንድ መጥቷል፤ የማን ይሆን?» አለኝ።

ኮዱን እንዳይነግረኝ ነገርኩት። «እሱንማ ማን ይነግርሻል!» አለና ሳቀ። የመጣበትን ሰዓት ብቻ ጠይቄው ደብተሩን ከፈትኩ።